የዜሮ ዋጋ ስንት ነው?

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ በሬ ሥር አንዲት ካርድ ተጋድማ ጠበቀችኝ። “ዕቃዎ ደርሷል። ለመረከብ 54 ፓውንድ ይክፈሉ” ትላለች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እዚህ ለንደን ስንቱ ከአሜሪካ የተላከለት ጥቅል የገባበት ጠፍቶት ሲብሰለሰል፣ የእኔው በሕይወት መገኘቱ ሳያንስ በዋስ እንዲፈታም ተፈቅዶለታል!

እስረኛው ተራ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. የጁላይ 1966 “ፋንታስቲክ ፎር” ቁጥር 52 ነው፤ ስታን ሊና ጃክ ኪርቢ የዋካንዳውን ንጉሥ ብላክ ፓንተርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባቢ ያሳዩበት ኮሚክ። በዘመኑ የሽፋን ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር። እኔ 180 ፓውንድ ከፈልኩበት፤ ያውም ጀርባው ላይ የቡና ስኒ ክብ ስላረፈበትና የሽፋኑ ጥግ ስለተበላ እንጂ፣ ንጹሑን ልግዛ ብል ኖሮ ኩላሊቴን ማስያዝ ነበረብኝ። አፍሪካዊ ንጉሥ በእንግሊዝ መጋዘን ታግቶ ቤዛ ሲጠየቅበት ዝም አይባልምና ወደ አመላላሽ ድርጅቱ ልደውል ስልኬን አነሣሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን አስረዱኝ። ኮሚኩ 180፣ መላኪያው 30፣ በድምሩ 210። የዚህ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 42 ፓውንድ። ታክሱ በኮሚኩ ላይ ብቻ የሚሰላ የመሰለው ካለ የዋህ ነው፤ ኮሚኩ የተሳፈረበት የአውሮፕላን ቲኬትም ይታሰባል። በዚህ ላይ 12 ፓውንድ የጉምሩክ ማስፈጸሚያ። ሃምሳ አራት። ሒሳቡ እንከን የለውም።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከነከነችኝ። በእንግሊዝ ሕግ የኮሚክ ታክስ ዜሮ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚህ አገር ኤፕሪል 1 ቀን 1973 ሥራ ላይ ከዋለ ጊዜ ጀምሮ መጽሐፍ፣ ጋዜጣና መጽሔት ዜሮ ናቸው፤ ኮሚክም ከነሱ ጋር። የጉምሩክ ቀረጡስ? የኅትመት ውጤቶች በታሪፉ ምዕራፍ 49 ሥር ይገባሉ፤ እሱም ዜሮ። ዜሮ ሲደመር ዜሮ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ዜሮ ነበር። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ስለነበር ይሆናል።

“ጌታዬ፣ ዕቃዎ የተመዘገበው አሻንጉሊት ተብሎ ነው” አለችኝ የስልኳ ልጅ፣ እንደ ማር በሚጣፍጥ ድምፅ።

“መጽሐፍ ነው እኮ።”

“ሥዕል አለበት?”

“አለበት።”

“እንግዲያው!”

“የልጆች የሥዕል መጽሐፍም ቢሆን ታክሱ ዜሮ ነው።”

“ልጅ ነዎት?”

“አይ፣ አይደለሁም።”

“እንግዲያው!”

እንዲህ ያለ ሙግት የሰማሁት ድሮ አገር ቤት፣ ተሟጋቾች በ“ተጠየቅ” ሲፋጠጡ እንደነበር አያቴ ሲተርክልኝ ነው። ተረታሁ። ካርዴን አውጥቼ ከፈልኩ።

ኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የሻጩ ሆኖ ተገኘ። ኦሃዮ ያለው ምስኪን በጉምሩክ ቅጹ ላይ እውነቱን ጽፎ ነበር፦ “ለሰብሳቢዎች የሚሆን ኮሚክ።” ከሦስቱ ቃላት አንዱ ገደለኝ። መዝጋቢው “ለሰብሳቢዎች” የሚለውን ሲያይ ጣቱ ወደ ምዕራፍ 95 ሮጠ፤ እዚያ ያሉት አሻንጉሊትና መጫወቻ ናቸው። ሻጩ “አሮጌ መጽሔት” ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ንጉሡ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው በዜሮ ያልፍ ነበር። አሮጌ መጽሔት መሆኑም እኮ ውሸት አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለዕቃህ ክብር ከሰጠኸው ትቀጣለህ፣ ካዋረድኸው ትማራለህ።

ነገሩን በጥሞና ሳየው ግን መዝጋቢው ፈላስፋ መሆኑ ገባኝ። ኮሚክ ምንድን ነው? ብታነብበው መጽሐፍ ነው። በላስቲክ ከረጢት ከትተህ፣ ከጀርባው ካርቶን ደግፈህ መደርደሪያ ላይ ብታቆመው አሻንጉሊት ነው። ፍሎሪዳ ያለው ሲ.ጂ.ሲ. የሚባለው ድርጅት ከ2000 ጀምሮ ኮሚክን እየመረመረ፣ እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ደረጃ እየሰጠ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል፤ የታሸገውማ ሊገለጥ ስለማይችል ምናልባት የቤት ዕቃ ነው። ጥንታዊ ቅርስ እንዳይባል ደግሞ ታሪፉ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ይጠይቃል። ሱፐርማን የተወለደበት “አክሽን ኮሚክስ” ቁጥር 1 በ1938 በ10 ሳንቲም ወጥቶ፣ በ2024 አንዱ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥም ገና ለጋ ነው። እስከ 2038 ታግሦ ይጠብቅ፤ ጥርሱን ይቀይር።

ጥቅሉ በማግስቱ መጣ። ንጉሥን መፈተሽ ግድ ነውና “ለፍተሻ ተከፍቷል” የሚል ሰማያዊ ፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል። ሻጩ ከላይና ከታች በሁለት ድርብ ካርቶን አቅፎ፣ አራቱንም ጠርዝ አስሮ ነበር የላከው። ፈታሹ እስሩን መፍታት ሰልችቶት መሐሉን በምላጭ ሰንጥቆታል። ምላጩ የላይኛውን ካርቶን አልፎ፣ ላስቲኩን አልፎ፣ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ጥፍር የሚያህል ጭረት ትቶ ቆሟል። ልክ ከቡናው ክብ አጠገብ። የቡናው ባለቤት ስድሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ብቸኛው አጥፊ ነበር፤ አሁን ጓደኛ አገኘ። ለፍተሻው ለብቻው አለመክፈሌን ልብ በሉልኝ፤ ምርቃት ነው።

ያለ አግባብ የተከፈለ ታክስ ይመለሳል፤ ይህ የሠለጠነ አገር ነው። በአመላላሽ ድርጅት ለመጣ “ሲ 285” የሚባል ቅጽ፣ በፖስታ ለመጣ “ቢ.ኦ.አር. 286” የሚባል ቅጽ አለ። ቅጹን ሞላሁ፤ የግዢውን ደረሰኝ፣ የክፍያውን ማስረጃ፣ የሽፋኑን ፎቶ፣ የውስጥ ገጾቹን ፎቶ አያያዝኩ፤ ፊደል እንዳለበት እንዲታይልኝ ንጉሡ ብዙ የሚናገርበትን ገጽ መረጥኩ። ከ14 ሳምንት በኋላ 42 ፓውንዴ ተመለሰ። መንግሥት አመነ፦ ታክሱ ዜሮ ነው።

12ቱስ? ለአመላላሹ ደወልኩ።

“እሱ የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነ አይመለስም።”

“የምን አገልግሎት?”

“ታክሱን በእርስዎ ስም ቀድመን ከፍለንልዎታል።”

“የሌለብኝን ታክስ?”

“አዎ ጌታዬ።”

እዚህ ላይ ነው ለምስጋና ቃል ያጠረኝ። የሌለብኝን ዕዳ ሳላውቅ ከፈሉልኝ፤ ስለ ደግነታቸውም 12 ፓውንድ ብቻ ጠየቁኝ። የዕዳ ከሜዳ ተረት ያለን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እዚህ አገር ከነደረሰኙ ይቆረጥለታል። ለአፍታ ሽሙጡን ትቼ ልናገር፦ አመላላሹ በትክክል ቢመዘግብ ታክስ የለምና “ቀድሜ ከፈልኩልህ” የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ሲሳሳት 12 ፓውንድ ያገኛል፤ ስሕተቱ ሲጋለጥም 12ቱ ኪሱ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማን ሞኝ ያርመዋል? አብዛኛው ሰው ደግሞ ለ42 ፓውንድ 14 ሳምንት አይሟገትም፤ ከፍሎ ይረሳል።

በአገራችን ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡናውን ጭኖ ሲሄድ በየኬላው ይቀረጥ እንደነበር እናውቃለን። የጉምሩኩም የነጋዴውም አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ኬላ ጠባቂው የፈለገውን ያህል ቢጨክን ቢያንስ ዓይን ለዓይን ትተያያለህ፤ በቅሎህን እያሳየህ ትከራከራለህ፣ “በሞቴ” ትላለህ። የዛሬው ኬላ ፊት የለውም። “በሞቴ” ብለው “ለተጨማሪ አማራጭ አራትን ይጫኑ” ይለኛል።

እንግሊዞች ከኮሚክ ጋር ያላቸው ጠብ አዲስ አይደለምና ብዙም አልተቀየምኳቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ዶላር ቆጥበው ሲኖሩ የአሜሪካ ኮሚክ እንዳይገባ ከልክለው እስከ 1959 ቆይተዋል። በ1955 ደግሞ ሕፃናት በአስፈሪ ኮሚክ እንዳይበላሹ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ ማተምና መሸጡን ብቻ ሳይሆን ወደ አገር ማስገባቱንም ይከለክላል። በአሜሪካ ኮሚክ ላይ የነበረው እገዳ በ1959 ሲነሣ አስመጪዎቹ የሳንቲሙን ዋጋ ትተው በሽፋኑ ላይ የፔንስ ማኅተም በቀለም ይመቱበት ጀመር፤ ያ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ዛሬም ሰብሳቢዎች ይለዩታል። አንድ ሰው፣ አንድ የጎማ ማኅተም፣ አንድ ምት፤ አለቀ። ኮምፒውተር ስላልነበራቸው ነው።

ደግሞም ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ሥዕላዊ ትረካ ወደዚህ አገር ሲገባ የእኔው የመጀመሪያው አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ነው ተራራውን የወረደው። ከዚያ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ዛሬ እዚሁ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከመካከላቸው በሥዕል ያጌጡ ተአምረ ማርያምና ገድላት አሉ። ያኔ አንድ መዝጋቢ ብቅ ብሎ “ሥዕል አለበት?” ብሎ ይሆን? ዝሆኖቹን ለፍተሻ አቁሞ፣ “ለሰብሳቢዎች” የሚለውን አንብቦ፣ 20 በመቶ ጠይቆ ይሆን? ማስፈጸሚያ የተከፈለበት ደረሰኝ ያለው ካለ አደራ ያሳየኝ፤ 12 ፓውንዴን ይቅር እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኛ አበሾች ወደምናውቀው ፖስታ ቤት ተመለስኩ። አድራሻው “የሚሄድ ሰው አለ?” ነው። ቀጥሎ የገዛሁትን ሌላ ኮሚክ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር የአክስቴ ልጅ አስላኩት፤ በፋሲካ ልትጠይቀን ስለምትመጣ።

“አንተ ልጅ፣ ፀጉርህ ሸብቶ ስለ ሥዕል መጽሐፍ ታስቸግረኛለህ?” አለችኝ በስልክ።

“እታለም፣ ብቻ እንዳይታጠፍ።”

“በነጠላዬ ጠቅልዬ ከበርበሬው ጋር አደርገዋለሁ። ምን ይሆናል ብለህ ነው?”

ሂትሮው ላይ አንድ ጎልማሳ የጉምሩክ ሠራተኛ አስቆማት። ሻንጣዋን ከፈተ። በበርበሬው ላይ ረጅም ጥያቄ ጠየቃት፤ አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ነጠላውን ሲፈታ ኮሚኩን አገኘው። እሷ የእኔን ታሪክ ስለምታውቅ ደንግጣ ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች።

“ይሄ ስንት ይከፈልበታል?” አለችው።

“ይሄ? መጽሐፍ እኮ ነው፤ ምንም” ብሎ መልሶ በነጠላው ጠቀለለው።

ሦስት ሴኮንድ። ያለ ቅጽ፣ ያለ አሥራ አራት ሳምንት፣ ያለ አራትን ይጫኑ። ስነግራችሁ አምርሬ ነው፤ ሰውየው ላይ ቅሬታ አለኝ። አገልግሎቱን ሰጥቶ ማስፈጸሚያውን አልጠየቀም። በእንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አገር አያድግም።

ኮሚኩ ደርሶኛል። በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ሰብሳቢዎች ሽታ ካለበት ደረጃው ይወርዳል ይላሉ። ይውረድ። ገለጥ ባደረግኩት ቁጥር አስነጥሳለሁ፤ ጭረት ግን የለበትም።