«አስተማሪ ነው»፦ ስለ አዲስ ፊልም አስተያየት የተደረገ ጥናት

በአዲስ አበባ የፊልም ሂስ የተጀመረው አማርኛ ፊልም ከመሠራቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ከዚያ በብዙ ዓመት ቀድሞ በከተማዋ ለተከፈተው ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ሁለት ቃል። ስለ ትወናውም፣ ስለ ብርሃኑም፣ ስለ ታሪክ ፍሰቱም ሳይባል የቀረ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ሂሳችን ረዘመ እንጂ አልጠራም።

የዛሬው ሂስ የሚሰጠው በምርቃት ምሽት፣ አዳራሹ በር ላይ፣ ማይክራፎን ፊት ነው። ጸሐፊው አንድ ምሽት እዚያው ቆሞ አዳመጠ። ሁሉም «አስተማሪ ነው» አሉ። ፊልሙ የፍቅር ኮሜዲ ነበር። ምን እንዳስተማራቸው የተጠየቁ ሁለት ወጣቶች ተያይተው ሳቁ፤ አንዲት እናት ብቻ አሰብ አድርገው «ትዕግሥት» አሉ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ስለፈጀ መልሳቸው ትክክል ተብሎ ተመዝግቧል። (ጸሐፊው የገባው በግብዣ ካርድ በመሆኑ የራሱ አስተያየት ከጥናቱ ወጥቷል።)

ሌሎቹ አባባሎች ፍቺ ይሻሉ። «ድምፁ ላይ ትንሽ ቢሠራበት» ማለት አልተሰማም ማለት ነው። «ጅምሩ ጥሩ ነው» የተባለው ለዳይሬክተሩ አምስተኛ ፊልም ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን የርቀት ሕግ ነው፦ ሰው ከዳይሬክተሩ በራቀ ቁጥር እውነት ይናገራል። በሩ ላይ «በጣም አሪፍ»፣ ደረጃው ላይ «አይከፋም»፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ «እንደው ልጅቷ ባትኖርበት…»። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል የትኬቱም ብር አብሮ ይታወሳል፤ ያኔ የተዳፈነው ሁሉ ይወጣል። ማይክራፎን ፊት «ሁሉም ሰው መጥቶ ቢያየው እመክራለሁ» ያሉት ሰውዬ፣ ታክሲው ሜክሲኮ አደባባይ ሳይደርስ ወንድማቸውን በስልክ «ነገ እንዳትሞኝ» ሲሉ ተሰምተዋል። ዳይሬክተሩ የራሱ መኪና ስላለው ይህን ሂስ ሰምቶት አያውቅም።

የርቀት ሕግ የማይገዛት አንዲት ሰው ብቻ ተገኝታለች፤ አዳራሹን የምትጠርገው ልጅ። እሷ ፊልሙን አታይም፤ የምታየው ወንበር ሥር ነው። እንደምትለው፣ ታሪኩ ልቡን የያዘው ሰው እጁ ፈንዲሻው ላይ ይቀራል፤ ሲስቅ ይበትነዋል፣ ሲደነግጥ ይደፋዋል። ያልያዘው ግን ሌላ ሥራ ስለሌለው አንዷን ፍሬ ሳያስቀር ይጨርሳል። ጥሩ ፊልም ለእሷ የወገብ ሕመም ነው።

የዚያን ምሽቱ እንዴት እንደነበር ጸሐፊው ጠየቃት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነጠላዋን እየለበሰች «እግዜር ይስጣቸው» አለች።