የተጎታች ቤት የሙቀት ክፍፍል አዋጅ ቁጥር 1

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዳር ፍራሽ ላይ የምትንቀጠቀጥ፣ መሀል ሶፋ ላይ ካልሲህን አውልቀህ የምትንፈላሰስ፣ በተለይም «እጄን ልታጠብ» ብለህ መታጠቢያ ቤት ገብተህ ግማሽ ሰዓት የምትሞቅ፣ ይህ አዋጅ አንተን ይመለከታል!

መግቢያ

ተጎታች ቤታችን በኮሎራዶ ተራሮች፣ ኤስተስ ፓርክ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,293 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ በመገኘቱ፤ እማማም ይህን ቁጥር ሰምተው «ታዲያ አዲስ አበባስ ከዚህ መቼ ዝቅ ትላለች? ጋቢዬ ይበቃኛል» ሲሉ የሰጡት መግለጫ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራሳቸው በእማማ ስለተሻረ፤

ማሞቂያው በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) እያነደደ፣ ይህም 9 ሜትር ለማይሞላ ቤት የሚተርፍ ሆኖ ሳለ፣ የመታጠቢያ ቤት ልዩ ዞን ሲያልበው የመኝታ ክልል ጥርሱ ሲንገጫገጭ ማደሩ የሙቀት እጥረት ሳይሆን የመልካም አስተዳደር ችግር መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ (ጥናቱ የተካሄደው በየአየር መውጫው ላይ መዳፍ በመዘርጋት ነው፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላስፈለገም)፤

20 ፓውንድ የሚይዘው የፕሮፔን ሲሊንደር ማሞቂያው ሳያቋርጥ ከነደደ 14 ሰዓት ገደማ ብቻ የሚቆይ በመሆኑና፣ ጋዝ ባለቀ ቁጥር በውርጭ ወጥቶ የሚቀይረው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ስለሆነ፤

የቤቱ ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ፣ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«ቴርሞስታት» ማለት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከአየር መውጫው ራስጌ ተሹሞ፣ ከእግሩ ሥር የሚወጣውን ሙቀት እየለካ መላው አገር ሞቋል ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ባለሥልጣን ነው። እሱ 68 ፋራናይት ከደረሰው እሳቱ እንዲጠፋ ያዝዛል። የመኝታ ክልል ስንት እንደደረሰው ጠይቆ አያውቅም፤ ወርዶም ጎብኝቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሹም የሚገኘው ተጎታች ቤት ውስጥ ብቻ ስለሆነ አንባቢ ሌላ ነገር እንዳያስብ ይመከራል።

«ቱቦ» ማለት ከማሞቂያው ተነሥቶ በቁም ሣጥንና በመሳቢያ ሥር እየተሹለከለከ ሞቃት አየር የሚያደርስ፣ 4 ኢንች ስፋት ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ መንገድ ነው።

«እማማ» ማለት እማማ ናቸው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ተከለከለው መፈክር

የመኝታ ክልል ወጣቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ያሰሙት «ሙቀት ለበረደው!» የሚለው መፈክር ጥያቄው ፍትሐዊ መሆኑን ምክር ቤቱ ያምናል። ስልቱን ግን አጥብቆ ያወግዛል። ወጣቶቹ የጠየቁት የመታጠቢያ ቤቱና የሳሎኑ አየር መውጫዎች በሙሉ ተዘግተው፣ የታፈነው ሙቀት ሁሉ ወደ እነርሱ እንዲጎርፍ ነበር።

ማሞቂያው ግን የሠራውን ሙቀት የሚገፋበት መንገድ ሲያጣ ለማንም አይጎርፍም። ሙቀቱ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና የሙቀት ገደብ የሚጠብቀው ማብሪያ ጋዙን ይቆርጣል። ማራገቢያው ግን መዞሩን አያቆምም፤ ቀዝቃዛ አየር መንፋቱን ይቀጥላል። ነፋሱ ከዚያም በላይ ከታፈነ፣ የአየሩን ፍሰት የሚቆጣጠረው ትንሽ ክንፍ ሳይነሣ ይቀርና እሳቱ ከነጭራሹ አይቀጣጠልም። ያን ጊዜ የታገሉለት እኩልነት ይሰፍናል፤ ሁሉንም ይበርደዋል።

ስለዚህ በአምራቹ መመሪያ ክፍት ይሁኑ ከተባሉት መውጫዎች አንዱም አይዘጋም። የመታጠቢያ ቤቱ አየር መውጫ መክደኛ ብቻ፣ መመሪያው እስከፈቀደ ድረስ፣ ቢበዛ በግማሽ እንዲጠብ ተወስኗል። ውሳኔውን የመታጠቢያ ቤት ልዩ ዞን ተቃውሟል፤ ማን እንደወከለው ግን አልታወቀም፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።

አንቀጽ 3፦ የአጣሪ ኮሚሽን ግኝት

በምክር ቤቱ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የእጅ ባትሪ ይዞ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አይቷል። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደው ቱቦ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ወደ መኝታ ክልል የሚሄደው ግን ገና ሲገጠም ከሚያስፈልገው በላይ ረዝሞ፣ ትርፉ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ቦታ ተቆልምሞ፣ በመጨረሻም የድስት መሳቢያው በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው ላይ ተጨፍልቆ የኖረ ሆኖ ተገኝቷል። አየር ደግሞ ቀላሉን መንገድ የሚመርጥ ፍጡር ነው። መታጠፊያ በበዛበትና ጉሮሮ በጠበበበት በኩል አይደክምም፤ ጎረቤት ክፍት በር እያለ ለምን ብሎ!

ተጎታች ቤቶች በብዛት ወደሚገጣጠሙባት ወደ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና የአቤቱታ ደብዳቤ ይጻፍ የሚለው ሐሳብ መልሱ እስኪመጣ ክረምት ይገባል በሚል ውድቅ ሆኗል። በምትኩ ትርፉ ቱቦ ይቆረጣል፣ የቀረው ተስቦ ይቃናል፣ ከመሳቢያው ጀርባ ተነሥቶ እንዳይመለስ ይታሰራል። መጋጠሚያው በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸጋል። ተራው የጨርቅ ፕላስተር በሙቀት ደርቆ ስለሚላቀቅ ለዚህ ሥራ አይሾምም።

ኮሚሽኑ ከዚህ የከበደ ጉዳይም አግኝቷል። ማሞቂያው አየር የሚስብበት ወንፊት በእማማ ሻንጣ ተከድኗል። ማሞቂያ የሚተነፍሰውን ያህል ነው የሚሰጠው፤ ወንፊቱ ሲታፈን መውጫው ይደክማል። ሻንጣው በርበሬና ሽሮ የያዘ በመሆኑም ማሞቂያው በጠባቡ ክፍተት የሳበውን መዓዛ ለአራቱም ማዕዘን ሲያድል ሰንብቷል፤ እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ያለ አድልዎ የተከፋፈለው በርበሬው ብቻ ነው። ሻንጣው እንዲነሣ ለእማማ በአክብሮት ጥያቄ ቀርቦላቸው «እኔን አንሡኝ እንጂ እሱን አትነኩም» ብለዋል። ድርድሩ ቀጥሏል።

የመኝታ ክልልም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ሙቀት ይላክልኝ ማለት አይቻልም፤ ቀዝቃዛው የሚወጣበት ከሌለ ሞቃቱ የሚገባበት የለውም።

አንቀጽ 4፦ ዝውውር

ቴርሞስታቱ ከሥልጣኑ ሳይነሣ፣ ደረጃውም ሳይነካ፣ ከአየር መውጫው ርቆ በመኝታ ክልልና በሳሎን መካከል ወዳለው መተላለፊያ ተዛውሯል። ለዝውውሩ ያስፈለገው ጥቂት ቀጭን ሽቦ ነው። አንድ ሹም እውነቱን እንዲናገር ይህን ያህል ብቻ ማስፈለጉ ምክር ቤቱን አስገርሟል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ

1,500 ዋት የሚፈጀው ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሰዓት 5,100 ቢቲዩ ገደማ ስለሚሰጥ፣ ለመኝታ ክልል በድጎማ መልክ ተፈቅዷል። ነገር ግን ማንም ሰው ሳሎን አስቀምጦ የጋዙን ማሞቂያ ሥራ እንዳያስፈታው! ከወለሉ በታች፣ በጨለማ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው የሚኖሩ የውሃ ጋንና ቧንቧዎች አሉ። ለእነርሱ የሚደርሳቸው ሙቀት ከጋዙ ማሞቂያ በአንዲት ቱቦ የሚወርደው ብቻ ነው። ላይኛው ሕዝብ በኤሌክትሪክ ሞቆ ጋዙ ሲተኛ፣ ታችኞቹ በረዶ ሠርተው ይፈነዳሉ። በተረፈ የቆምንበት ካምፕ 30 አምፔር መስመር የሚችለው 3,600 ዋት ስለሆነ ማሞቂያ፣ ማይክሮዌቭና ፀጉር ማድረቂያ በአንድነት ሊሰለፉ አይችሉም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ከሰል

በዚህ አንቀጽ ላይ ቀልድ የለም። ከሰል ቤት ውስጥ አይነድም፤ ለቡናም፣ ለእጣንም፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን። ምድጃውም ለማሞቂያነት ተለኩሶ አይታደርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ተኝቶ የነበረን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የመርዙ ማንቂያ ደወል ጮኸ ብሎ ባትሪውን መንቀል በዚህ ቤት ከባዱ ወንጀል ነው።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የአሉሚኒየም ፕላስተሩ ከከተማ ተገዝቶ እንደመጣ የጸና ይሆናል። እስከዚያው የመኝታ ክልል ነዋሪዎች ኮፍያ አድርገው ይተኛሉ፤ ጋቢውም በየተራ ነው፣ ከእማማ በስተቀር።

ፊርማ፦ ለጊዜው አልተገኘም፤ ፈራሚው ክንዱን እስከ ትከሻው ከድስት መሳቢያው ጀርባ አስገብቶ ማውጣት አቅቶታል።