ጠላው ጉንፋን ይዞታል?

አስኮ ላይ የገብርኤል ዝክር ሲቃረብ ጋን በግራዋ ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ይታጠናል። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እጁ የገባውን እንጨት ይዞ ይመጣል። እኛም ምላሳችንን ይዘን።

«ባሕር ዛፍ ምን አለው? ደጃፌ ላይ ሞልቷል» ይላሉ አንዲት እናት።

እትዬ፣ ጠላው ጉንፋን ይዞታል እንዴ? ቅጠሉን ቀቅለው በብርድ ልብስ ተሸፍነው የሚታጠኑት እኮ አፍንጫዎ ሲደፈን ነው! በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ማገዶ ሆነን፣ ምሰሶ ሆነን፤ እሱ ይበቃዋል። ዘይቱ ጋን ውስጥ ከገባ እንግዳውን «ይማርዎ» እያሉ ነው የሚቀዱለት።

«እሺ፣ ጥድ ይሁን።»

ጥድ እርሳስ ይሠራበታል። ጠላው ፈተና አለበት? ሙጫ ያለው እንጨት ጥቀርሻው ይበዛል፤ ጋኑ ላይ ተለጥፎ ጠላውን ያመረዋል።

«እኔ ከአናጺው ቤት ሰጋቱራ በነፃ አገኛለሁ» አለ ሌላው፣ ደረቱን ነፍቶ።

በነፃማ ይሰጥሃል፤ መጣያ ቸግሮት ነው! ኮምፔንሳቶው፣ ቺፕውዱ፣ ቫርኒሽ የጠጣው ጣውላ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ማጣበቂያና ቀለም ሲቃጠል የሚወጣው መርዝ ነው። አንተ ጠላ አይደለም የጠመቅከው፣ ቁምሳጥን ነው። እንግዳህ ሁለተኛውን ጣሳ ሲጨርስ ጉልበቱ ሲጢጥ ማለት ይጀምራል።

ቪዲዮ ያየው ጎረምሳ ደግሞ በርሜል ለሁለት አስቆርጦ ሥጋ ሊያጥን ተነስቷል። «በአሜሪካ ሂኮሪ ነው፤ ካጣሁ የፖም እንጨት» ይላል።

ወንድሜ፣ ፖሙን በፍሬ መግዛት አቅቶን ዋጋ ጠይቀን እንመለሳለን፤ አንተ ግንዱን ልታነድ ነው? ጨንቻ ድረስ ሄደህ የገበሬ ዛፍ ብትቆርጥ የምትታጠነው አንተ ነህ።

ወይራ እያለ! «ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ለማጠን እኮ ቁራጭ ይበቃል፤ እንጀራ ጋግሩበት ማን አላችሁ? ጣት የሚያክል ደረቅ ፍልጥ ገል ላይ ካለው ፍም ላይ ጣል ይደረጋል። ነበልባል ከተነሳ ይታፈናል፤ የሚፈለገው ጭሱ ነው። ጋኑ ይደፋበትና ጀርባው ሲዳሰስ ሞቅ እስኪል ይቆያል። ወይራ ጠጣር ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጤሳል፤ ጭሱ ሽታ ይሰጣል፣ የሚያበላሹትን ተህዋስያንም ይቀንሳል። የቦረና እናቶችም የወተት ዕቃቸውን የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አይደለም። እርጥቡ ግን ዓይን ያስለቅሳል፤ ለቅሶ የሚያስፈልገው ዝክር ደግሞ የለም።

አንተ ባለበርሜሉ፣ ስማኝ፦ ያጠንከው ሥጋ በስሏል ማለት አይደለም፤ አብስለህ ብላ። በርሜሉንም ከሳሎን አውጣው፤ ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።