«ሁላችን አለን?»፦ በጅቡቲ ከተማ የቡድን ጉብኝት ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

መግቢያ

ሰው ብቻውን አገር ለማየት ሲወጣ መንገደኛ ይባላል። ከ22 ሰዎች ጋር ሲወጣ ምን እንደሚባል ግን እስካሁን አልተበየነም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት በሰኔ ወር፣ በአንድ ረቡዕ ዕለት፣ በጅቡቲ ከተማ ተካሄደ። ዋና ጥያቄው አንድ ነው፦ በቡድን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ምንድን ነው?

ወሩ ሰኔ የሆነው ጉዞው የሚረክሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ለምን እንደሚረክስ ማንም አልጠየቀም። መልሱን ያገኘነው ጅቡቲ ስንደርስ ነው፦ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት፣ በላዩ ደግሞ የከተማው ሰው ካምሲን የሚለው አሸዋ ያዘለ ነፋስ።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው በዕጣ የተመረጠ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ተሳታፊዎቹ በሙሉ የአንድ ዕቁብ አባላት ናቸውና። ምስጢራቸውን ለመጠበቅ በቁጥር ተጠርተዋል። ዋናው መረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ የዕቁቡ ዳኛ ጠቋሚ ጣት ነው። ዳኛው በየማቆሚያው ከፊት ቆመው «ሁላችን አለን?» ይላሉ፤ ከዚያ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን መቁጠር እንደረሱ ትዝ ይላቸውና እንደገና ይጀምራሉ።

ከለቡ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን፣ ድሬዳዋን አልፈን፣ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ወረድን። እንደሚታወቀው የጥንቱ ምድር ባቡር ሐዲድ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው (በዚህ ጥናት ዓመታቱ፣ «በእኛ» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። በጠቅላላው 20 ዓመት ፈጀ። ይህን የማነሣው ቡድናችን ከማረፊያው በር እስከ አውቶቡሱ የፈጀበት ጊዜ በተገቢው ሚዛን እንዲታይ ነው።

ግኝት 1፦ ስለ ሰዓት

አዲስ አበባና ጅቡቲ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ያለው አፍ ላይ ነው፤ እኛ 2 ሰዓት የምንለውን እነሱ 8 ይሉታል። አስጎብኚው ማታውኑ ጥርት ባለ አማርኛ «ነገ በ8 እንነሣለን» ብሎን ሄደ። በማግስቱ ቡድኑ ለሦስት ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹ በ2 ሰዓት ተገኙ። ሁለተኛዎቹ «ሙቀቱን አስቦልን ከምሳ በኋላ አደረገው» ብለው አስጎብኚውን መርቀው ተኙ። ሦስተኛዎቹ የሰዓት አቆጣጠሩን ልዩነት አጥብቀው የሚያውቁ ነበሩ፤ «በአማርኛ ከተናገረማ ወደ እኛው ለውጦታል ማለት ነው» ብለው እነሱም ተኙ። ዕውቀት ከድንቁርና እኩል እንደሚያስረፍድ በዚህ ተረጋገጠ። የተነሣነው በ5 ሰዓት ነው።

ግኝት 2፦ ስለ አደባባይ

የመጀመሪያው መዳረሻ የምኒልክ አደባባይ ነበር። ዛሬ በይፋ የሚጠራው በአገሪቱ የነፃነት ቀን፣ «የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ» ተብሎ ነው። ያ ቀን በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1969 ይሆናል። አስጎብኚው ይህን ከማብራራቱ በፊት መላሽ 7 «ሰባ ሰባትማ የድርቁ ዓመት ነው፤ ምን ነፃነት ነበረ?» አሉ። ስምንት ዓመት ተደመረ፣ ሰባት ተቀነሰ፣ ጳጉሜን ተነሣች። ክርክሩ ሲያልቅ ጥላው ከቅስቶቹ ሥር ሄዶ ነበር። ሌሎቹ በበኩላቸው ፈረሱን ይፈልጉ ነበር። ምኒልክ ካሉ ፈረስ መኖር አለበት የሚል የአራዳ ልጅ እምነት ነው። ፈረስ ስላልተገኘ በምኒልክ ሆቴል ምልክት ሥር ፎቶ ተነሥተው አለፉ።

ቀጥሎ የሐሙዲ መስጊድ ወዳለበት ወደ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ሄድን። ቦታው ቀድሞ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራንቦ ስም ይጠራ ነበር። መላሽ 15 ይህን ሲሰማ «የራንቦን ቤትማ ሐረር አይቼዋለሁ» ብሎ ከአውቶቡሱ አልወረደም። መስጊዱ ከ1906 ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ መላሽ 15 ግን እስካሁን አላየውም።

ገበያው ስንደርስ ቀትር ሆኗል። በጅቡቲ ሱቆች ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ፤ ሕዝቡ አስተዋይ ስለሆነ በዚያ ፀሐይ ቤቱ ይተኛል። በመሆኑም የተዘጉ በሮችን ጎበኘን። ጥላ ሥር የቀረች አንዲት ቲማቲም ሻጭ ነበረች። መላሽ 4፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ ዋጋውን በብር አስልተው ደነገጡና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከእኛው አገር የመጣ ነው!» አሉ። ሻጯ በአማርኛ «ለዚህ እኮ ነው የተወደደው፣ እማማ» አለቻቸው።

ግኝት 3፦ ስለ ምሳ

የጅቡቲ ዝነኛ ምግብ የየመን ዓሣ ነው። ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በቅመም ታሽቶ፣ በምድጃ ግድግዳ ይጠበስና ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወቅቱም የሐዋርያት ጾም ነበር። ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ሁለት አባላት አዲስ አበባ ወዳሉ የንስሐ አባቶቻቸው ደወሉ፤ ሁለት የተለያየ መልስ መጣ። ሙስሊም አባሎቻችን ክርክሩን በጨዋነት አዳምጠው ሲያበቃ ዓሣው አልቆ ነበር። የቀረነው ሽሮ ፍለጋ ወጣን። ሽሮ ቤት ለማግኘት የፈጀብን ጊዜ በዕለቱ ከተመዘገቡት ሁሉ አጭሩ ነው።

ሽሮው ላይ ሳለን ከተማዋ በድንገት በመኪና ጥሩምባ ተናወጠች። መላሽ 4 ሠርግ መስሏቸው እልል አሉ፤ ሌሎችም ተቀበሏቸው። ከሐረርጌ የዕለቱ ጫት መግባቱ ነበር። መንገደኞች ቆመው በአክብሮት አዩን፤ ጫቱን በእልልታ የሚቀበል ሕዝብ ከዚህ በፊት አልገጠማቸው ይሆናል።

ግኝት 4፦ ስለ ባሕር

አመሻሽ ላይ ወደ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ተወሰድን። አባላት ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ። ባሕሩ አልነበረም። በስፍራው ሰፊ ጭቃና ጥቂት ወፎች ነበሩ። አስጎብኚው ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ አስረዳ። መላሽ 11 «እኛ ስንመጣ?» አለ። ከዚህ በኋላ ስለ ባሕር በር ሰፊ ውይይት ተደረገ፤ ለሳይንስ የሚጠቅም ነገር ስላልነበረበት ከቃለ ጉባኤው ወጥቷል።

ትንታኔ

ተመራማሪው በዕለቱ የታየውን ሁሉ በሠንጠረዥ አሰፈረ። የአደባባዩ ስም ምኒልክ፤ ቲማቲሙ ከእኛ፤ ጫቱ ከእኛ። በማረፊያችን አምፑል የሚያበራው መብራት ከ2011 ጀምሮ ከእኛው መስመር ጭምር ይመጣል፤ የቧንቧው ውኃም ከሶማሌ ክልል ከአዲጋላ ተስቦ ከሚገባው ጋር የተደባለቀ ነው። መላሽ 11 ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን መጣን?» አለ። የተሻለ የጥናት ጥያቄ ስለሆነ ለሚቀጥለው አጥኚ ተላልፏል።

የጥናቱ ውስንነት

በፕሮግራሙ የመጨረሻ መስመር ላይ «ጊዜ ከፈቀደ አሳል ሐይቅ» ይላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጊዜ አልፈቀደም። የቡድኑ መንፈስ ግን በ12 ሰዓት ገደማ እዚያው ደርሶ ነበር።

ማጠቃለያ

ወደ ማረፊያችን ልንመለስ ስንል ዳኛው ቆጠሩ፦ 24። ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥረው እንደሆነ ጠረጠሩና ደገሙት፦ 24። ዕቁብ ሲጎድል እንጂ ሲተርፍ አይተው ስለማያውቁ ተቀመጡ።

ትርፉ ሰው ከሽሮ ቤቱ ጀምሮ ከእኛ ጋር የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዳችን የሌላው ዘመድ መስሎን ነበር። በባሕር በር ውይይት ላይ ሁለት ጊዜ እጁን አውጥቷል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እየተመላለሰ ዓመታት አሳልፏል፤ ባሕሩ መቼ እንደሚሸሽ፣ ሱቅ መቼ እንደሚከፈት፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጠር ያውቃል። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። እሱም የፈለገው ፒኬ 12 መድረስ ብቻ ነበር፤ መኪናው የቆመው እዚያ ነው።

አውቶቡሱ ዞሮ አደረሰው። ፒኬ 12 ላይ «ኢት» የሚል ሰሌዳ ያላቸው ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል፤ በሥራቸው ቡና ይፈላል፤ ጀበናው ሥር የተቀመጡት በአማርኛና በኦሮምኛ ይጫወታሉ። ማንም ሳያዘን ሁላችንም ወረድን። በዕለቱ ሰዓት ያላየንበት ቦታ ይህ ነበር።

ስንመለስ ዳኛው ጣታቸውን አነሡ። 23።

«አንድ ሰው ጎደለ» አሉ።