ድርሳነ ዱቤ

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ብራና መጻሕፍት አደጓጐስ፣ ስለ ቀለማቸው አበጃጀትና ስለ ቁም ጸሐፊዎቻቸው እጅ ብዙ የደከሙ ሲሆኑ፣ በየሰፈሩ ሱቅ ከሳሙናው ካርቶንና ከስኳሩ ጆንያ መካከል ተሸጉጦ የሚኖረውን፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣውን የዱቤ ደብተር ግን በወጉ የመረመረው አላጋጠመንም፤ ይህም ቸልታ የሚያሳዝን ነው፤ በሰፈር ከሚገኙት ጽሑፎች ሁሉ በየቀኑ የሚጨመርበትና ባለቤቱ ሲገልጠው አንባቢውን ላብ የሚያሰምጠው እርሱ ነውና።

ስለ መጽሐፉ ጠባይ አስቀድመን እንናገር። አካሉ ባለ መስመር የተማሪ ደብተር፣ ቀለሙም ባለ ሱቁ በዕለቱ ያገኘው እስክሪብቶ ነው፤ በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ በዚህም ቀይ ቀለም ለተመረጡ ስሞች ተለይቶ ይሰጣል፤ የስሞቹ ባለቤቶች ግን በክብሩ ሲደሰቱ አልታዩም። ጸሐፊው የክርስትና ስምም ሆነ የአባት ስም አይሻም፤ «ቀዩ ጋሼ»፣ «የነርሷ እናት»፣ «ባለ ውሻው» እያለ በግብር ስም ይመዘግባልና፣ አንድ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ በእውነት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ ከመታወቂያው ይልቅ ይህን መዝገብ ቢያይ ይሻለዋል። ትርጓሜውም ጥልቅ ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ሰረዝ ተስቦበት ቢገኝ፣ ዕዳው ተከፍሏል፤ አንድም ባለ ዕዳው ቤት ለቆ ሄዷል፤ አንድም ባለ ሱቁ ተስፋ ቆርጧል።

«ዱቤ ወለድ የለውም» የሚለው የሰፈር ትምህርት ግን፣ በትሕትና እንናገር እንጂ፣ ኑፋቄ ነው። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተዋዋዮች ለብድር በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ደንግጓል፤ ሁለቱም ሕግጋት ግን በዝምታ ስለሚከፈለው ወለድ ያሉት የለም። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው የሽሮውን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይደነግጣል፣ «ሌላ ሱቅ አለ» ብሎ ሁለት እርምጃ ይራመድና ተጠርቶ ይመለሳል፤ ባለ ዱቤው ግን ሚዛኑ ወዴትም ቢያዘነብል ዐይኑን ወደ ጣራው አንሥቶ ስለ ዝናቡ ያወራል። ጤፍም ከመኸር በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ረከስ ሲል ኩንታል የሚያነሣበት ገንዘብ በእጁ የለምና፣ ዓመቱን ሙሉ በኪሎ፣ ስኳሩንም በሩብ እየሸመተ፣ ባለ ኩንታሉ ያላየውን ዋጋ ሁሉ ያያል።

የሰላምታው ርዝመት ደግሞ ከዕዳው ጋር ያድጋል። በመጀመሪያው ሳምንት «እንደምን አደርክ» ይበቃል፤ በሦስተኛው የልጆቹ፣ የአገር ቤት ዘመዶቹና የከብቶቹ ደኅንነት በየተራ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታው በድንገት ይቋረጥና ተመራማሪው ባለ ዱቤውን በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሮ ወደ ቤቱ ሲገባ ያገኘዋል። በጥንቱ ሥርዓት ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ነጠላቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ሥርዓቱ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ቢያንስ ለሁለቱ አንድ መንገድ ይበቃቸው ነበር።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በባሕረ ሐሳብ ነው። ዓመታችን 13 ወር ሲሆን ደመወዝ የሚከፈለው ለ12ቱ ብቻ ነው፤ በጳጉሜን 5 ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስም በ6ቱ፣ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ይበላል፤ ስለዚህ፣ ይቅር ይበለንና፣ ባለ ዱቤ ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል ሉቃስን ጎሪጥ ቢያየው አይፈረድበትም። ወዲያው ዶሮ የሚሻ ዘመን መለወጫ ከትምህርት ቤት ምዝገባ ጋር ተያይዞ ይደርሳል። አዲስ ደብተር ሲገዛ ያለፈው ሒሳብ «የዞረ» ተብሎ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይገለበጣል፤ በግልባጭ ስሕተት መግባቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ይህ መጽሐፍ ሲሳሳት ሁልጊዜ በመጨመር እንጂ በማጉደል አለመሆኑ የመገልበጥን ጥበብ ለሚመረምሩ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ስማቸው በደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ቢፈለግ የማይገኝ አንዲት እትዬ በሰፈሩ ይኖራሉ፤ በርበሬና ሽሮአቸውን በዓመት አንድ ጊዜ አስፈጭተው የሚያስቀምጡ፣ ጤፋቸውን በጥር የሚያነሡ፣ አንዱን ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያደርሱ ጀበናውን የማያሳርፉ፣ ረቡዕና ዓርብንም ለነፍሳቸው ሲጾሙ ቅቤ የሚተርፍላቸው ናቸው። ምርመራ የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ይገባዋልና ስለ እርሳቸው ባለ ሱቁን ጠየቅነው።

«ኧረ እሳቸውን ተዉኝ!» አለን፤ «ዋጋ ይከራከራሉ።»