«አሪፍ ነው» ብሎ ዝም

ሰው ፊልም አይቶ ሲመጣ «እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሰልችቶኛል። መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ወይ «አሪፍ ነው»፣ ወይ «ደባሪ ነው»፣ ካልሆነም «ይታያል»። ከዚያ ዝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ኑሮ ሲያይ ያመሸ ሰው ይዞልኝ የሚወጣው ይቺን አንዲት ቃል ነው። «ምኑ ነው አሪፍ?» ብዬ ጠጋ ካልኩ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ፊልም እኮ ነው!» ይለኛል፣ ጠብ የፈለግኩ ይመስል።

ለእኔ የፊልም ግማሹ ከፊልሙ በኋላ ያለው ወሬ ነው። ጎረምሳ ሳለን ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወጥተን የቸርችልን ቁልቁለት በእግራችን እንወርድ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር እስክንደርስ ፊልሙን ፈትተን መልሰን ገጥመነዋል። አንዱ «መጨረሻው አልተዋጠልኝም» ይላል። ሌላው «ያቺ ልጅ ቀድማ ታውቅ ነበር፣ ዓይኗን አላየኸውም?» ብሎ ይሟገታል። እዚያው መንገዳችን ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ የከተማው የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ነበረ፤ የዚያን ዘመን ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስም ያወጣለት። ይሳሳት፣ ግን ያ ሰው ያየው ነገር ነክቶት ነበር። ፈራ፣ መፍራቱንም ተናገረ። እኛ ያንኑ ነገር በአንድ «አሪፍ» ስንገላገለው ያመኛል።

ከቃሉ የባሰው ቁጥሩ ነው። «ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ይሉኛል። ሰባት ብል ምን ማለቴ ነው? አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ የቀረችበት ትዕይንት ከሰባቱ ስንቱን ይወስዳል? የፈተና ወረቀት እያረምኩ አይደለም።

በተለይ ያቃተኝ ግን መጥፎ ፊልም ወድጄ በሰላም ማደር ነው። «መጥፎ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ» ስል ሰው ግራ ይገባዋል። ከወደድከው ጥሩ ነው በል፤ መጥፎ ከሆነ ለምን አየኸው? እንዲህ ነው የሚሉኝ። ሁለቱ ነገር በአንድ አፍ አያድርም የተባለ ይመስላል። እኔ ደግሞ ገና በልጅነቴ አብሮ ሲያድር አይቻለሁ።

ፊልም የለመድኩት ቪዲዮ ቤት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ነበር። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ውስጡ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ከፊት ቴሌቪዥንና ዴክ። ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ በቀዳዳ ያያል። እዚያ ካየናቸው ፊልሞች አብዛኞቹ መጥፎ ነበሩ፤ ያኔም እናውቅ ነበር። ዋናው ሰውዬ «አክተሩ» ነው፤ ጠላቱ «ሌባው» ነው፤ አክተር አይሞትም። ይህን ሕግ እኛው ያወጣነው ልጆች ነን፣ ከፊልሞቹ ድክመት ተምረን። የአርኖልድ ሽዋዚንገርን «ኮማንዶ» ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ያቺ ቢጫ መኪና በጎኗ ተገልብጣ ስትፋቅ ታያላችሁ። ትንሽ ቆይቶ አክተሩ አቃንቶ ሲነዳት ጎኗ ላይ ጭረት እንኳ የለም። አንድ ልጅ «እንዴ! መኪናዋ!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ «አጠንጥነው! አጠንጥነው!» ብሎ ተነሣ። ባለቤቱ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰልን። ያን ቀን አርባ ልጅ አንድ ስህተት አብሮ አየ፣ አብሮ ተደሰተ፣ ከዚያም ጸጥ ብሎ የተጠለፈችውን የአክተሩን ልጅ መዳን በጭንቀት ተከታተለ። ማንም «ይህማ ቆሻሻ ነው» ብሎ አልወጣም።

ከፊት አግዳሚው ላይ ደግሞ ከእኛ የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር፣ የሚተረጉምልን። እንግሊዝኛውን አያውቀውም፤ ሕንድኛውንም አያውቀውም። ከፊታቸው እያነበበ ታሪኩን ራሱ ይሠራው ነበር። ብዙ ፊልም ካደግኩ በኋላ በትክክለኛው ትርጉም ሳየው የእሱ ታሪክ ይሻል እንደነበር ተረድቻለሁ።

ዓመታት አልፈው የኡጋንዳውን «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ሳይ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው ነው የሠራው፣ ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2010። ወጪው ከ200 ዶላር አይበልጥም ይባላል። ጠመንጃዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየዱ ናቸው፤ የሚቃጠሉት ሕንፃዎች በኮምፒውተር ተለጥፈዋል፤ ተዋናዮቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከፊልሙ በላይ ደግሞ ቪጄ ኤሚ የሚባል ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። ኡጋንዳ ውስጥ እንደዚያ ፊልም እየተረጎመ ቤቱን የሚያሞቅ ሰው «ቪዲዮ ጆከር» ይባላል። የሰፈሬ ልጅ ሥራ እዚያ ስም አለው ማለት ነው!

ደስ ብሎኝ ሁለት ሰዎች ጋበዝኩ። አንደኛው አምስት ደቂቃ አይቶ «ይህን ቆሻሻ ልታሳየኝ ነው የጠራኸኝ?» ብሎ ስልኩን አወጣ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ሳቀም። አሳሳቁ ግን አላማረኝም። በሰዎቹ ድህነት ነበር የሚስቀው፣ በጫማቸው፣ በግቢያቸው አፈር። የትኛው ይበልጥ እንዳስከፋኝ ዛሬም አልለየሁም። እኔ የምስቀው ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ሰው ብረት ቀጥቅጦ መትረየስ ሠርቶ፣ ጎረቤቱን ወታደር አድርጎ፣ የሚወደውን የጦርነት ፊልም እዚያው ደጁ ላይ ሊሠራ ሲነሣ ከማየት የበለጠ የሚያስደስት ነገር ጥቂት ነው። ፊልሙ ደካማ ነው፤ ሰውየው ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልሰነፈም።

ልዩነቱን ሰው እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። መጥፎ ሁሉ አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቶሚ ዋይሶ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 «ዘ ሩም» የሚል ፊልም አወጣ። ጻፈው፣ አዘጋጀው፣ ገንዘቡን አወጣበት፣ ዋናውንም ሰው ሆኖ ተጫወተ። ስድስት ሚሊዮን ዶላር ፈጀ ይባላል፤ የሚሠራው ትልቅ የፍቅር ሰቆቃ መስሎት ነበር። አንዷ እናት ካንሰር እንደያዛት ትናገራለች፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ጭራሽ አይነሣም። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በፍሬም የተቀመጠ የማንኪያ ሥዕል አለ፤ ተመልካቹ ያንን ባየ ቁጥር የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ መጋረጃው ይወረውራል። ሰው ለሃያ ዓመት በእኩለ ሌሊት እየተሰበሰበ የሚያየው ሰውየው ከልቡ ስለሞከረ ነው። በሌላ በኩል «ሻርክኔዶ» የሚባለው አለ፣ ዓውሎ ነፋስ ሻርክ ይዞ ከተማ ላይ የሚያዘንብበት። ያኛው መጥፎ ለመሆን ታስቦ የተሠራ ነው። አልስቅበትም። እየጠቀሰኝ ሳቅ ሳቅ የሚለኝን ፊልም አልወድም።

ይህን መለያ ወደ እኛ ፊልም ይዤ ስመጣ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመኛል። «አማርኛ ፊልም አላይም።» ይህን የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ስንቱን አይተህ ነው ስለው አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ይሆናል፣ ያውም የዛሬ አሥር ዓመት። እኔ ብዙ አይቻለሁ፣ ብዙም ተቃጥያለሁ። ተዋናዩ ስልክ ሲያወራ ከወዲያ ያለው ሰው የሚመልስበት ጊዜ አይሰጠውም። ማይኩ ንፋሱን እንጂ ሰውን አይሰማም። ሙዚቃው ንግግሩን ይውጠዋል። ሀብታም ማለት ሶፋ፣ ድሃ ማለት የተቀደደ ሹራብ ነው። ስንፍና ያለበትን አልምርም። ግን ከእነዚሁ ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው አሉ። አንዱ ላይ ክፉው ሰውዬ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ ዕቅዱን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ተዋናዩ ግን እንዲህ ያለ እምነት ይዞ ነው የሚናገረው፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሮ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ከእሱ ጋር መስታወቱ ፊት የቆምኩ ያህል ይሰማኛል። ስለዚያ ትዕይንት የማወራው ሰው አጥቻለሁ። የሚንቀው አላየውም፤ ያየው ደግሞ «አሪፍ ነው» ይላል።

ጥሩዎቹም ቢሆኑ አልተረፉም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ስሙ ሲነሣ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። «ትልቅ ፊልም ነው!» አንበርብር ማን ነው? ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ዝም ይሆናል። ሽልማቱን ነው ያዩት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ተጨንቄ ነበር። ጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር አንዴ እዚያ ነው፣ አንዴ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ አንዴ እናቱ ጋ ገጠር። ጊዜው ተምታታብኝ፣ መሃል ላይም ደከመኝ። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል፣ የተከለከለ ነገር የተናገርኩ ይመስል። ሁለተኛ ሳየው ግን የተሰበረው የሰውየው ትዝታ መሆኑ ገባኝ፤ ፊልሙ እንደ ትዝታው ነው የሚሄደው። ለጦርነት ላለመታፈስ ዋሻ የተደበቁት ልጆች ጋ ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መድከሜን ባልናገር ማልቀሴን ማን ያምነኛል?

«ድፍረት» ስለሚባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ስጠይቅ ስለ አንጀሊና ጆሊ ይነግሩኛል፣ ከሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ስለሆነች። ስለ ሌላው የአገራችን ፊልም ስለ «ላምብ» ስጠይቅ ካን ስለ መሄዱ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ልጁና በጓ ምን እንደሆኑ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ አዲስ ድካም መጥቷል። የእህቴ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ። በዓል ለት ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ ፊልም ልንከፍት ስንል «አጎቴ፣ እሱንማ አይቼዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ሰውየው ማንን እንደሚገድልና ሚስቱ ለምን እንደምትከዳው ዘረዘረልኝ። መቼ አየኸው ስለው ስልኩን አሳየኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ድምፅ ታሪኩን በጥድፊያ ይተርካል፤ ሥዕሉ ከኋላው ይሮጣል። ተዋናይዋ ዝም ብላ መስኮት የምታይበት አንድ ደቂቃ እዚያ ውስጥ የለም፤ እኔ ፊልሙን የወደድኩት ደግሞ ለዚያች ደቂቃ ነው። ልጁን አልተቆጣሁትም። ፊልሙን ሳላየው መጨረሻውን የሚነግረኝ፣ ሲኒማ ውስጥ የስልኩን ብርሃን ፊቴ ላይ የሚለቅብኝ፣ ፊልም ሊያስጭን ፍላሽ ይዞ ሄዶ «ያለውን ጨምርበት» ብሎ የሚመለሰው ትልቁ ሰው ከእሱ በምን ይሻላል?

በሕይወቴ የሰማሁት ምርጡ የፊልም አስተያየት የእናቴ ነው። «አማር አክባር አንቶኒ» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የሕንድ ፊልም አለ። ሦስት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ተለያይተው አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆኖ ያድጋል። መኪና የገጫት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ሆስፒታል ትገባለች፤ ሦስቱ ሳይተዋወቁ ተደርድረው ተኝተው ደም ይሰጧታል። እናታቸው መሆኗን አያውቁም። የሦስቱ ደም በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይገናኝና በቀጥታ ወደ እሷ ይወርዳል። እኛ ልጆቹ ሳቅን። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ «ደም እንዲህ እንደማይሄድ አውቃለሁ» አለች። «ማንም ሐኪም አይሠራውም። ግን ልጆቿ እኮ አጠገቧ ተኝተዋል፣ አታውቃቸውም!» አላፈረችም፣ አልተከላከለችለትም፣ ቁጥርም አልሰጠችም። ውሸቱን አየች፤ እናትየዋንም አየች።

እንዲህ የሚያወራኝ ሰው ነው ያጣሁት። ፍላሼ ላይ ሦስት ፊልም አስጭኛለሁ፦ «ጤዛ»፣ «ካፒቴን አሌክስ» እና ይኸው የሕንዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ቡናም ይፈላል። የእህቴን ልጅ ጠርቼዋለሁ። ስልኩን በሩ አጠገብ እንዲያስቀምጥ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ከየትኛው እንደምጀምርለት ግን እስካሁን አልወሰንኩም።