ውሃ ጠብ እንዳታደርግ

በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሽሮ የማይሰለቸው ሰው ካለ እጅ እነሣዋለሁ። እኔ ገና በሁለተኛው ሳምንት ሽሮ ሲቀርብልኝ ማዛጋት ጀመርኩ። ይህን ሰሞን ነው አክስቴ ከድሬዳዋ መጥተው፣ ዓርብ ከቅዳሴ መልስ 9 ሰዓት ላይ እኔ ቤት እህል እንደሚቀምሱ ያስታወቁኝ። “የጥቅል ጎመን አልጫ ሠርቼ እጠብቅዎታለሁ” አልኩ። ምላስ አጥንት የለው!

ጠዋት ደውዬ አሠራሩን ጠየቅኋቸው። “ሽንኩርቱን አድቅቀህ በዝግታ አቁላላው፣ እንዳይቀላ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ። ከዚያ ካሮቱን፣ ድንቹን፣ በመጨረሻ ጎመኑን። ክደነውና ተወው። ውሃ ጠብ እንዳታደርግ!”

እስከ ጎመኑ ድረስ ታዝዣለሁ። ጎመኑ ግን ድስቱን ሞልቶ፣ ክዳኑን እንደ ጠባብ ባርኔጣ አናቱ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። በ10 ደቂቃ ከፍቼ ባይ ደረቅ ነው። ይህ ያለ ውሃ እንዴት ይበስላል? አንድ ስኒ ጨመርኩ። ደግሜ ከፈትኩ፤ ድንቹ ጥሬ። ሌላ ስኒ። የጎመን ኪሎ ከ900 ግራም በላይ ውሃ መሆኑን ያኔ ማን በነገረኝ! ክምሩ ድንገት ሟሸሸና የሆዱን ውሃ ሁሉ ዘረገፈው። የያዝኩት ቢጫ ኩሬ ሆነ።

እንዲመጥልኝ ስቶቩን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ ውሃው ሄደ፤ ድንቹ ጥሬነቱን እንደያዘ ቀረ፤ ከሥር የሽንኩርቱ ማረር ሸተተኝ። ድስቱን አንሥቼ መሬት አስቀመጥኩ፤ ባዶ ቦታው ላይ የአትክልት ማጠቢያዋን የፕላስቲክ ሳፋ ልጥዳት ምንም አልቀረኝም፣ ግን ግለቱን ፈርቼ ተውኩት። በዚሁ መሐል መብራት ጠፋ።

አክስቴ ሲገቡ አፍንጫቸው ቀደማቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ማማሰያ ተቀበሉኝ። እኔ የድስቱን ቂጥ ልፍቅ ስል እጄን መቱኝ። “ያረረውን አትንካ! ከነካኸው ሁሉም አረረ ማለት ነው።” ከላይ ከላይ እየቀነሱ ወደ ሌላ ድስት ገለበጡ። ከሰል አያያዙ፤ ነበልባሉ በርዶ ፍም ብቻ እስኪቀር ጠበቁ፤ ጣዱ። ከዚያ ክዳኑ ላይ ሙቀጫ ጫኑበት።

“ሙቀጫው ለምንድን ነው?”

“ለአንተ ነው።”

አንድ ሰዓት ያህል ሙቀጫውን ስመለከት ቆየሁ። ሲከፈት ጎመኑ ወርቅ መስሏል፤ ድንቹ በእንጀራ ሲጫኑት ይፈርሳል። እሳቸው ቃሪያ ሰንጥቀው ጣል አደረጉበትና ቀረብን።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያጎርሱኝ የሰፈሩ ልጆች “መጣ!” ብለው ጮኹ። አክስቴ እጃቸውን ከትሪው ሳያነሡ ወደ ማድቤቱ አሸተቱ።

“አሁን ደግሞ ምን ጥደሃል?”

ስቶቩን አላጠፋሁትም ነበር። ሳፋዋንም፣ ቤቱን ሳሰናዳ፣ ምድጃው በርዷል ብዬ እዚያው አስቀምጫታለሁ። ክዳን ሳይከፈትባት፣ ውሃ ጠብ ሳይደረግባት፣ አንጀቷ ድረስ በስላለች።